በባዶ ስታዲየም የተጫወቱት ይሻላሉ ወይስ ጨርሰው የዘጉት? (የኮሮና ዘመን ኳስ)

የፉትስክሬይ ታክሲ (#1)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ከትናንት ወዲያ ሌሊት ከአየር ማረፊያ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ጫንኩ። አንገቱ ላይ የቡልዶግስን ሻርፕ ጠምጥሟል። የሰፈሬ ቡድን ነውና ወሬ ጀመርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከስታዲየም ቀርቶ አያውቅም፤ ከ2020 ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳን አልረገጠም። "ምነው፣ ተቀየምካቸው?" ብለው "አይ፣ ሶፋው ለመደብኝ" አለኝ። ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ይህን ክር ከፈትኩ።

አዲስ አበባ ላላችሁት፣ እዚህ ሜልበርን፣ ቪክቶሪያ በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ "ፉቲ" የሚሉት እናንተ የምታውቁትን ኳስ አይደለም። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፣ በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል፣ በእጅም በእግርም ይጫወቷታል፤ ሜዳው የክሪኬት ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ፈረስ ያስፈልጋል። እኔ የመጣሁ ሰሞን ጠብ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ልጄ ቡልዶግስ ከተሸነፈ እራት አይበላም፤ እኔም ብዙ አልሻልም።

ማርች 19/2020 ሪችመንድና ካርልተን ውድድሩን በኤምሲጂ ከፈቱ። 100 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም፣ አንድ ተመልካች የለም። ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ኳሷ ስትመታ ድው ስትል ይሰማል፤ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲጠራሩ ይሰማል። ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሽሮቹን ብቻ ማግኘት ማለት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ እሑድ ሁሉም ቆመ። ከሊጉ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች 80 በመቶ ያህሉ ቤታችሁ ቆዩ ተባሉ፤ ሊጉም የራሱን የዶክላንድስ ስታዲየም አስይዞ ከባንክ ብድር ተዋዋለ። ባለሀብት የምንለው ሊግ ለሁለት ወር የሚሆን ስንቅ አልነበረውም ማለት ነው። ያኔ ነው የገባኝ።

ጁን 11 ተመለሱ። በዚያ ዓመት የአንዱ ሩብ ጨዋታ ከ20 ደቂቃ ወደ 16 አጥሯል፣ እያንዳንዱ ቡድንም 17 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ጁላይ ላይ በሽታው ቪክቶሪያ ውስጥ ሲያገረሽ አሥሩም የቪክቶሪያ ክለቦች ጓዛቸውን ጠቅልለው ከክፍለ ሀገሩ ወጡ፣ አብዛኞቹም ኩዊንስላንድ ከተሙ፤ እንዲህ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ መጫወቱ "ሃብ" ተባለ። በ20 ቀን ውስጥ 33 ጨዋታ ተጫወቱ። እኛ ደግሞ ከቤታችን ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳንርቅ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላም እንዳንወጣ ተከለከልን። ታክሲዋን አቁሜ ኳስ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

የዋንጫው ጨዋታ፣ ሊጉ በ1897 ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቪክቶሪያ ወጥቶ ብሪዝበን ጋባ ስታዲየም ላይ ሆነ። በቀደመው ዓመት 100,014 ሰው ያየው ፍጻሜ 29,707 ሰው አየው። ሪችመንድ ጂሎንግን 81 ለ 50 አሸነፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ ሁልጊዜ የሚያስቀኝ፦ ከኤምሲጂ ሜዳ ላይ ሣር ቆርጠው በመኪና ጭነው ብሪዝበን ወስደው ተከሉት። አፈር ከአገር ይዞ መሰደድ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የባሰው መጣ። ቡልዶግስ ለፍጻሜ ደረሰ፣ ተጋጣሚው ሜልበርን ነው። ሁለቱም የዚሁ ከተማ ልጆች። የተጫወቱት ግን ፐርዝ፣ 2700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ እኛ አሁንም ተቆልፎብናል። ሦስተኛው ሩብ ላይ በ19 ነጥብ እየመራን 140 ለ 66 ተሸነፍን። ሜልበርን ከ57 ዓመት በኋላ ዋንጫ ሲያነሳ ደጋፊው ሳሎን ቤት ሆኖ አለቀሰ። ማሸነፍም መሸነፍም እኩል ብቸኝነት ሆነ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህ ሁሉ መንከራተት ተገቢ ነበር? ወይስ እንደ አገር ቤት ጨርሶ መሰረዝ ይሻል ነበር?

ቡናማው መርካቶ (#2)

ወንድም ታክሲ፣ እኛ ጋ እኮ ሶፋውም አልነበረም።

ላስታውስህ። መጋቢት 4/2012 የመጀመሪያው ሰው ተገኘ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤትም ስፖርትም ለ15 ቀን ይቁም ተባለ። 15 ቀኑ አላለቀም። ሚያዝያ 27፣ በአርበኞች ቀን፣ ፌዴሬሽኑ የዓመቱን ውድድር ሰረዘው። ሻምፒዮን የለ፣ ወራጅ የለ፣ አፍሪካ ላይ የሚወክለን ክለብ የለ። ስንት ሺህ ሰው በስታዲየሙ ሚስማር ተራ ላይ ፀሐይ ሲቀቅለው የዋለበት ግማሽ ዓመት እንዳልተወለደ ልጅ ተቆጠረ።

የአውሮፓውም ቢሆን ከበረንዳ ላይ ነው ያየነው። ሰኔ 10 እንግሊዝ ሲጀመር እኛ ገና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነን፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል። ዲኤስቲቪ ቤት አራት ሰው አስገብቶ ምን ይበላል? የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት አግዳሚዎቹን ግድግዳ ላይ ደርድሮ ሽንኩርትና ሳኒታይዘር መሸጥ ጀመረ። የጨዋታ ሰሌዳ ይጽፍበት በነበረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ "ቀይ ሽንኩርት" ብሎ ዋጋ ሲጽፍበት ሳይ ሆዴ ባባ፤ አትሳቁብኝ።

እኔ ጨዋታ የምከታተለው በስልክ ነበር። አብሮ አደጌ ቤቱ ዲሽ አለው፣ ይደውልልኛል፣ ስፒከር ላይ አድርጌ ከወንድሞቼ ጋር እንሰማለን። ደግሞ ይዋሻል! ጎል ሳይገባ "ገባ!" ብሎ ያስጨፍረንና ይስቃል።

መድፈኛው (#3)

ኳሱን ማን እንዳስቆመው እንዳይረሳ 😀 አርቴታ ማርች 12 ኮሮና ተገኘበት፣ በማግስቱ ፕሪሚየር ሊጉ ተዘጋ። በዚያ ዓመት አርሰናል ቀድሞ የደረሰበት ብቸኛው ነገር ነው።

ስንመለስ ደግሞ ዴቪድ ሉዊዝ ሦስት ወር ቤቱ ተቀምጦ፣ ተቀይሮ ገብቶ፣ ሲቲ ላይ በ25 ደቂቃ ውስጥ አንድ ስሕተት፣ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት፣ አንድ ቀይ ካርድ። 3 ለ 0። ከዚያ በባዶ ዌምብሌይ ቼልሲን 2 ለ 1 ረትተን የኤፍኤ ዋንጫን በላን፤ ኦባሜያንግ ዋንጫውን ሜዳ ላይ ጣለው። የሚያጨበጭብ ሕዝብ ስለሌለ ዋንጫው ራሱ አልተማመነም መሰለኝ።

ቀዩ ለንደን (#4)

መድፈኛው ሳቅህ ይቆይልህ። እኛ የሊቨርፑል ደጋፊዎች 30 ዓመት ጠብቀን ሻምፒዮን የሆንነው ጁን 25/2020 ሶፋ ላይ ተቀምጠን ቼልሲ ሲቲን ሲያሸንፍልን ነው። የራሳችን ጨዋታ እንኳን አይደለም! አንዳንዱ ልጅ አባቱ ይህን ቀን ሳያይ በዚያው ስፕሪንግ በበሽታው የሞተበት ነው። በማግስቱ ሕዝቡ ፒየር ሄድ የሚባለው የሊቨርፑል ወደብ ዳር ወጣ፣ ርችቱ ሊቨር ሕንፃ ላይ እሳት አስነሣ። አላበረታታም። ግን 30 ዓመት የታፈነ እንፋሎት ክዳኑን ቢያነሳ ይገርማል?

ስለ ጥያቄው ግን፣ ሳይዘገይ መዝጋት የነበረባቸው አሉ። ማርች 11 አትሌቲኮ ማድሪድ ሜዳችን አንፊልድ ሲመጣ ስፔን ውስጥ ጨዋታ ያለ ተመልካች ሆኖ ነበር፤ እኛ ግን 3000 የማድሪድ ደጋፊ ተቀበልን። ከዚያ በፊት ፌብሩዋሪ 19 አታላንታ ቫሌንሲያን ሚላን ሳን ሲሮ ላይ ሲገጥም 40 ሺህ ያህል የቤርጋሞ ሰው ሄደ፤ የቤርጋሞ ሆስፒታል ሐኪም በኋላ "ባዮሎጂያዊ ቦምብ" ብሎታል። ኳስ ሰውን ከሰው ያስተቃቅፋል። ያ ነው ጥሩነቱ፤ ያኔ ደግሞ ያ ነው ጦሱ።

ደጋፊ ምን ያህል እንደሚመዝን በቁጥር የታየውም ያኔ ነው። በ2020/21 ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ 153 ጨዋታ እንግዳው አሸነፈ፣ 144 ባለሜዳው። በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የእኛማ አይነሳ፤ 68 የሊግ ጨዋታ በሜዳችን ሳንሸነፍ ቆይተን በርንሌይ ሰበረን፣ ከእሱ ጋር በሜዳችን በተከታታይ ስድስት ተሸነፍን። ኮፕ የሚባለው የደጋፊው መቀመጫ ባዶ ሲሆን አንፊልድ ተራ ሜዳ ነው።

መድፈኛው (#5)

የተከላካያችሁ የቫን ዳይክ የጉልበት ጉዳትስ? ሁሉን በደጋፊ አታሳብ።

ቀዩ ለንደን (#6)

እሺ ጉዳቱም አለበት። ግን ቁጥሩ የሊጉ ሁሉ ነው፣ የእኛ ብቻ አይደለም።

ሲድኒ ሐበሻ (#7)

የሜልበርን ሰው መቼም ከፉቲ ሌላ ኳስ ያለ አይመስለውም። እዚህ አገር ከሁሉ ቀድሞ የተመለሰው ራግቢ ሊግ ነው፤ ሜይ 28/2020 ብሪዝበንና ፓራማታ። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ቭላንዲስ ቀኑን ቆርጦ ተናገረ፣ ሁሉም ዕብድ ነው አለው፣ ቀኑ ሲደርስ ተጫወቱ። ችኮላው ለደጋፊው ታስቦ እንዳይመስላችሁ። ጨዋታ ከሌለ የቴሌቪዥን ገንዘብ የለም፣ ያ ከሌለ ክለቦቹ አሉ ማለት አይቻልም።

ዋጋውን ግን ዋሪየርስን ጠይቁ። የኒውዚላንድ ቡድን ናቸው። ድንበር ሲዘጋ ታምዎርዝ የምትባል የገጠር ከተማ ገቡ፣ ከዚያ ሴንትራል ኮስት ሄዱ፤ ሜዳቸው ላይ ለመጫወት የተመለሱት ጁላይ 2022 ነው። ሚስትና ልጅ ትቶ የመጣ ስንት አለ። ሊጉ እንዲጀመር ብለው ቀድመው ስለወጡ ነው ሌላው የተጫወተው። እኛ ዓረብ አገር እህት ያለችን ሰዎች ይህ ዓይነቱ ውለታ ይገባናል።

ሌላው ደግሞ የካርቶን ደጋፊ! 22 ዶላር ከፍለህ ፎቶህን ወንበር ላይ ያስቀምጡልህ ነበር። የእንግሊዛዊው ገዳይ ሐኪም የሺፕማን ፎቶ ተመልካች መሃል ታየ። እንግሊዝ ሊድስ ላይም የቢን ላደን ፎቶ ተገኝቶ ተነሥቷል። እኔም ከፍዬ ነበር፤ ሚስቴ "አንተን ቤት አላገኘሁህ፣ ካርቶንህ ስታዲየም ይሄዳል" አለችኝ።

ሳምሪ 12ኛ ፎቅ (#8)

የፉትስክሬይ ታክሲ ጽፏል፦ "ጁላይ ላይ በሽታው ቪክቶሪያ ውስጥ ሲያገረሽ አሥሩም የቪክቶሪያ ክለቦች ጓዛቸውን ጠቅልለው..."

ወንድሜ፣ እዚህ ጋ በአንድ መስመር ያለፍከውን እኔ ኖሬዋለሁ። ቅዳሜ ጁላይ 4 ከሰዓት በኋላ በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ያሉት ዘጠኙ የመንግሥት ፎቆች ተዘጉ። 3000 ያህል ሰው። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ አትወጡም። የነገ ወተት አልገዛንም። ኮሪደሩ ላይ ፖሊስ። ሐበሻው፣ ሱማሌው፣ ሱዳኑ፣ ቬትናሙ ሁሉ በመስኮት ይተያያል። እኛ ያለንበት ሕንፃ በአምስት ቀን ተከፈተ፣ አልፍሬድ ጎዳና ላይ ያለው 33 ቁጥር 14 ቀን ቆየ። በዲሴምበር የቪክቶሪያ ዕንባ ጠባቂ አዘጋጉ ሰብአዊ መብት የጣሰ ነበር ብሎ ሪፖርት አወጣ።

በዚያው ሰሞን ነው ተጫዋቾቹ ወደ ጎልድ ኮስት የበረሩት። የኖርዝ ሜልበርን ክለብ መሥሪያ ቤት ከእኛ ፎቅ በእግር የሚደረስ ነው፤ ትንሹ ወንድሜ ክለቡ ለስደተኛ ልጆች በሚያካሂደው ፕሮግራም የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ተጫዋቾቹ ሪዞርት ውስጥ መዋኛ ዳር ሆነው አየ። "ሳምሪ፣ እነሱ ለምን ወጡ? እኛስ?" አለኝ። መልስ ስጡኝ እስቲ። ከታች ሐበሾች እንጀራ ይዘው መጥተው በሩ ላይ ሲለምኑ እያየሁ ምን ልበለው?

ከእነዚያው ከወጡት ሁለት የሪችመንድ ልጆች ደግሞ ሌሊት ወጥተው ኬባብ ቤት ደጅ ተደባድበው 10 ጨዋታ ተቀጡ። ያን ቀን ሳነብ ስልኬን ልወረውር ነበር።

ግን አልዋሽም። ያ የ20 ቀን 33 ጨዋታ ባይኖር ወንድሜን እንዴት እንደማሳልፈው አላውቅም። በየማታው አለ። አባዬ ስለ ፉቲ ደንታ የሌለው ሰው፣ በኦገስት መጨረሻ ዳኛ መሳደብ ጀመረ፤ ያውም በአማርኛ። ስለዚህ ተገቢ ነበር አልልህም፣ አልነበረምም አልልህም። ማን እንደወጣና ማን እንደተዘጋበት ግን አብራችሁ ጻፉ።

የፉትስክሬይ ታክሲ (#9)

እህቴ ሳምሪ፣ ልክ ነሽ፣ ይቅርታ። ያን ቅዳሜ አንድ ደንበኛዬን ከዚያ ሕንፃ ላነሳ ሄጄ ፖሊስ መልሶኛል። ሳልጽፈው የቀረሁት ስለረሳሁት አይደለም፤ ስለ ኳስ ላውራ ብዬ ነው። የማይለያይ ነገር ለያየሁ።

ጋሽ ጥላፎቅ (#10)

ልጆች፣ ጨዋታችሁን ሁሉ አነበብኩት። አንድ ነገር ያልተነካ አለ።

እነ አውስትራሊያ ለምን ቀጠሉ፣ እኛ ለምን ሰረዝን? እኛ ይበልጥ ለሰው ነፍስ አዝነን ነው እንዳትሉኝ። ያኔ የእኛ ሊግ የሚሸጠው የቴሌቪዥን መብት አልነበረውም። አብዛኛው ክለብ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ኳሱ ቢቆምም ባይቆምም የሚቀርበት ማስታወቂያ የለም። ለመጀመር የሚያቻኩለው ሰው አልነበረም። ደመወዙ ሲዘገይበት ቤት ኪራይ የሚጨነቀው ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ጠየቀው?

የሚገርመው በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ የዲኤስቲቪ ባለቤት መልቲቾይስ ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ብሎ መብቱን ገዛ። ታኅሣሥ 3/2013 ሊጉ ሲከፈት ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያሉ ዞሩ። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም፤ ከኮሮና በፊት የመጨረሻው ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታ መሆኑን ስታስቡ የዚያን ዘመን ክብደት ታያላችሁ። ፋሲል የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። አቡበከር ናስር ለቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የዮርዳኖስ ዓባይን 24 ሰበረ። ቡናማው፣ ያን ጎል ስንቱን በዓይንህ አየህ?

የአውስትራሊያ "ሃብ" በሽታው ሲያልፍ ፈረሰ። የእኛው ቀረ። በ2016 እንኳ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተባለ ነው የተካሄደው። ለካሜራ የተመቸ ሜዳ በየከተማው የለም፣ ሰላሙም በየመንገዱ አይገኝም፣ ወጪም ይቀንሳል ይባላል፤ ምክንያቱ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን የጎንደር ልጅ ፋሲልን ሜዳው ላይ ሳያይ አድጎ ጎረመሰ። ታክሲው ያጫወተን ፈረንጅ ሶፋው ለመደበት፤ የእኛን ልጅ ማን ምን እንዳስለመደው እንጃ።

እኔ የድሮ ሰው ነኝ፤ ሻዬን ጠጥቼ ጥላ ፎቅ ስቀመጥ ከጎኔ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ኳሱን ላየው ብቻ አልነበረም የምሄደው።

ቡናማው መርካቶ (#11)

ጋሼ፣ ኧረ አያስለቅሱኝ። ከ29ኙ በስታዲየም ያየሁት ሁለት ነው። ሌላውን በስልክ ስክሪን ላይ፤ የሁለት ጣት ያህል አቡበከር። በዚህች እንኳን የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት አስነሥቷል።

አንድ ነገር ግን ይፈቀድልኝ። በቴሌቪዥን መታየቱ ክፉ አይደለም። ድሮ ሐዋሳ ላይ የገባ ጎል የምንሰማው በወሬ ነበር። ዱባይ ያለችው እህቴ ቡናን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ያየችው በ2013 ነው፤ የማታውቀው ሰው ቤት እንግዳ ሆና። እኔ እዚህ መርካቶ ሆኜ በደንብ አላየሁም፣ እሷ እዚያ ሆና አየች!

ሲድኒ ሐበሻ (#12)

ከዚህ ሁሉ የቀረኝ ያቺ ናት። ካርቶን ከፍዬ ወንበር ገዛሁ፣ አንተ ደግሞ ወንበሩ እያለ ሰው ሆነህ አልገባህም።

ቀዩ ለንደን (#13)

እዚህም ሞክረውን ነበር። በኦክቶበር 2020 አንድ ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት 14.95 ፓውንድ ክፈሉ አሉ፣ በወርኃዊው ክፍያ ላይ ተጨማሪ። የኒውካስል ደጋፊዎች አንከፍልም ብለው ያንኑ ገንዘብ ለምግብ ባንክ ሰጡ፤ ሌላውም ተከተለ። በኅዳር ተተወ። ከዚያ በኤፕሪል 2021 ሱፐር ሊግ የተባለውን የሀብታም ክለቦች ውድድር ሲያመጡ በሁለት ቀን አፈረስነው። ባዶ ስታዲየም ውስጥ ገንዘቡ ብቻውን የቀረ መስሏቸው ነበር።

መድፈኛው (#14)

በዚህ ብቻ ከሊቨርፑል ሰው ጋር እስማማለሁ። ቀኑን መዝግቡልኝ።

ሳምሪ 12ኛ ፎቅ (#15)

ጋሽ ጥላፎቅ፣ የእርስዎን አንብቤ ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "አዲስ አበባ ስታዲየም ከማን አንሼ የሚሉት ቦታ አሁንም አለ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" ብሏል።

ጋሽ ጥላፎቅ (#16)

ቦታው አለ ልጄ፣ ስታዲየሙ ግን ለእድሳት ተዘግቶ ነው የከረመው። ሰላም በይልኝ። የትኛው ቡድን ነው ብለሽ ጠይቂውና ንገሪኝ፤ ጊዮርጊስ ካለ ሰላምታዬን መልሺልኝ።

ቡናማው መርካቶ (#17)

ኧረ ጋሼ! 😂

ወደ ቁም ነገሩ፤ ቅዳሜ ቡና አዳማ ላይ ይጫወታል። እኛ አራት ሆነን ሚኒባስ ልንከራይ ነው፣ ስምንት ቦታ ይቀራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከቃሊቲ መናኸሪያ በር ነው የምንነሳው። የሚሄድ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ያረፈደ አንጠብቅም፣ ባለፈው አንዱን ስንጠብቅ ሁለት ጎል አምልጦናል።